ከ130 ዓመት በኋላ የመጣችው ጅራታም ኮከብ ያችው መሆኗ በምን ይታወቃል?

ባለ ባይኖኩላር (ደብረ ብርሃን)፦ ስዊፍት ተትል የተባለችው ጅራታም ኮከብ እ.ኤ.አ. በ1862 ታይታ፣ ትመለሳለች የተባለው በ1981 ገደማ ነበር። የመጣችው በ1992 ነው። ጅራታም ኮከብ ይህን ያህል እንዴት ትዘገያለች? ቀኗ በውል ያልታወቀችን ኮከብ በ10×50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 50 ሚሊ ሜትር) ልፈልግ ብልስ ከየት ልጀምር?

የጅሩ ሰው፦ እሷ መች ዘገየች፣ የሳተው ስሌቱ ነው። በ1862 የታየችው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዚያች ቁራጭ መንገድ ተነስቶ ሙሉ ዙሩ ሲሰላ ኢምንቷ ስህተት ዓመታት ትሆናለች። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ብራያን ማርስደን በ1973 ሁለት ነገር አለ፦ ወይ 1981 ገደማ፣ ወይ ደግሞ ሚሲዮናዊው ኬግለር በ1737 ከቤጂንግ ያያት ኮከብ እሷው ከሆነች 1992 መጨረሻ። ኪዩቺ የተባለ ጃፓናዊ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1992 አገኛት፤ ዲሴምበር 12 ለፀሐይ ቀረበች። በመልኳ አትለያትም፣ ጅራት ይለዋወጣል። የምትታወቀው በምህዋሯ ነው፦ ከምድር ምህዋር አንጻር 113 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ከፕላኔቶቹ በተቃራኒ ትዞራለች።
(የነሐሴ 6 አካባቢ ተወርዋሪ ኮከቦች የእሷ ትቢያ ናቸው። ለኛ ክረምት ሆነና ዳመናው ይውጣቸዋል።)

ጣርማ በር፦ ፍለጋውን በተመለከተ፦ የቀን ስህተት ኮከቧን ከመንገዷ ብዙም አያስወጣትም፣ እዚያው መንገዷ ላይ ነው ወደፊትና ወደኋላ የሚያንሸራትታት። ስለዚህ ለፀሐይ የምትቀርብበትን ቀን 20 ቀን አስቀድም፣ ከዚያ 10፣ 0፣ 10 አዘግይ፣ 20 አዘግይ፤ ለምትፈልግባት ሌሊት የሚወጡትን አምስት ቦታዎች ካርታ ላይ አገናኝ። መስመሩን ተከትለህ ፈልግ። ደብዛዛ ነገር ካየህ ዙሪያውን ያሉትን ኮከቦች ሣልና በማግስቱ ተመልከት። ጋላክሲ ከሆነ ንቅንቅ አይልም። በአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ አትፍረድ፤ በቀን 1 ዲግሪ የምትሄድ ኮከብ በሰዓት 2.5 የዲግሪ ደቂቃ ነው የምትጓዘው፣ በ10×50 ለመለየት ያስቸግራል።
ንጋት ላይ ከሆነ የጣርማ በር ጠርዝ ጥሩ ነው፣ ምሥራቁ እስከ ቆላው ገላጣ ነው፤ ጉሙ ካልወጣ።

የጅሩ ሰው፦ አንድ ልጨምር፣ ሰዓቱን ተጠንቀቅ። የኮከቧን ቦታ በየቀኑ የሚያሳየው ሠንጠረዥ የሚጻፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ የኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እዚያ 2:00 ነው። በቀን 2 ዲግሪ የምትሮጥ ከሆነች የ9 ሰዓት ስህተት ከሙሉ ጨረቃ ስፋት በላይ ያስትሃል።

መንዝ፦ ለነገሩ የስዊፍት ተትል ዙር ወደ 130 ዓመት ነው፤ ያ «ረጅም ዙር» አይባልም፣ ከ200 በላይ ነው የሚባለው። ኢኬያ ዣንግ የተባለችውን ጅራታም ኮከብ ተመልከት፦ የሥነ ፈለክ ሊቁ ሄቬሊየስ በ1661 አይቷት በ2002 ተመለሰች። መጀመሪያ ላይ በ1532 የታየችው ትሆን እንዴ ተብሎም ነበር። ደግሞ በ10×50 «ቀድሜ አገኛታለሁ» አትበል፤ ሃሌይ የተባለችው ጅራታም ኮከብ ስትመለስ በ1982 የተገኘችው በአሜሪካው ፓሎማር ባለ 5 ሜትር ቴሌስኮፕ ነው፣ ያውም ከሳተርን ምህዋር ማዶ ሳለች።