የሦስት ልደትን ክርክር ለመረዳት ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጠባሴ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነኝ። ባለፈው ክረምት አያቴን ልጠይቅ አንኮበር ሄጄ ነበር። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ስንጫወት አንድ ነገር አነሡ። የእሳቸው አያት «እኛ ሦስት ልደት ነበርን» ይሉ ነበር አሉኝ፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው ከሚሉት ወገን ነበርን ማለታቸው ነው። ይህን ትምህርት ካልተቀበለው ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ግን ነገሩ በቤት ውስጥ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚነሣው። «ልዩነቱ ምን ነበር?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እሱን ሊቃውንቱ ናቸው የሚያውቁት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

የቀደሙ አባቶች ቃል የተሰበሰበበትን ሃይማኖተ አበው፣ ንባቡና ትርጓሜው ያለበትን፣ ገዛሁ። ሃያ ገጽ ሳልዘልቅ አቆምኩ። ግእዙን አነባለሁ እንጂ አልሰማውም። አማርኛውም ከበደኝ። ከየት ልጀምር? ያለ መምህርስ ይቻላል? እንግሊዝኛም አነባለሁ። ክርክር ፈልጌ አይደለም። ቅድመ አያቶቼ ምን ይሉ እንደነበር፣ ቤተ ክርስቲያንስ ለምን እንዳልተቀበለችው በወጉ ማወቅ ነው የምፈልገው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ከደብረ ሲና

እህቴ፣ ሃይማኖተ አበውን ለጊዜው ከድኚው። መጀመሪያ የሃይማኖታችን መሠረት የሆኑትን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ተማሪ፤ በተለይ ምሥጢረ ሥላሴንና አምላክ ሰው ስለ መሆኑ የሚናገረውን ምሥጢረ ሥጋዌን። በቀላል አማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት በየቤተ ክርስቲያኑ መሸጫ አሉ። ያንን ሳትይዢ ወደ ክርክሩ ብትገቢ ትደናገሪያለሽ።

የጉባኤ ቤት ተማሪ፣ ከመንዝ

እኅታችን፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ነገሩን ባጭሩ ልንገርሽ፤ ከዚያ መጽሐፉን ማንበብ ይቀልሻል።

ሁሉም ወገን ክርስቶስ አምላክም ሰውም መሆኑን ያምናል። ክርክሩ የተነሣው «ተቀባ» በሚለው ቃል ነው። ክርስቶስ ማለት የተቀባ ማለት ነውና፣ በምን ተቀባ? ለምንስ ተቀባ? ተዋሕዶዎች ልደቱ ሁለት ነው ይላሉ። ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት። ሥጋ የከበረው ከቃል፣ ማለትም ከወልድ፣ ጋር በመዋሐዱ ነው፤ ሌላ የሚያከብረው ነገር አያስፈልገውም። ሦስት ልደት የሚሉት ደግሞ በዚህ ላይ ይጨምራሉ። ሥጋ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የጸጋ ልጅ ሆኗል፤ ይህ ሦስተኛ ልደት ነው ይላሉ። በጎጃም የነበሩት ቅብዐቶች ሌላ መንገድ አላቸው፤ እሱን ለጊዜው ተዪው።

ቤተ ክርስቲያን ያልተቀበለችበት ምክንያት ይህ ነው። ተዋሕዶ ብቻውን ካላከበረው አንዱ ክርስቶስ ሊከፈል ነው፤ የባሕርይ ልጅ አንድ፣ የጸጋ ልጅ ሌላ ሊሆን ነው። ይህን ፍርሃት ካልተረዳሽ አባቶች ስለ አንዲት ቃል ይህን ያህል ለምን እንደተከራከሩ አይገባሽም።

አሁን ወደ ንባቡ። መዝሙር 44፥7ን እና ዕብራውያን 1፥9ን አውጪ። «እግዚአብሔር አምላክህ በደስታ ዘይት ቀባህ» የሚለው ነው። የሁለቱንም አንድምታ፣ ማለትም የሊቃውንቱን ትርጓሜ፣ አንብቢ። ከዚያ ዮሐንስ 1፥14ን ከነትርጓሜው። አንድምታው «አንድም» እያለ መንገዱን ይከፍትልሻል። ከዚያ በኋላ ሃይማኖተ አበውን ክፈቺ፤ ግን ከመጀመሪያው ገጽ አይደለም። መጽሐፉ የብዙ አባቶች ቃል ስብስብ ነው፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ። የአትናቴዎስንና የቄርሎስን ክፍል ፈልገሽ አንብቢ። ቄርሎስ የሚባለው መጽሐፍማ በአክሱም ዘመን ከግሪክ የተተረጎመ ነው፤ የትምህርታችን ሥር እዚያ ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን ወደ ኋላ አቆይው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ1416 ዓ.ም. የፈጸሙት ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ግን ለጀማሪ ገደል ነው።

መምህር ግን ፈልጊ። ያለ መምህር አይሆንም።

አንባቢ፣ ከሸዋ ሮቢት

በዚህ በመጨረሻው ነገር ትንሽ እለያለሁ። እኔ ልጆች እያሳደግሁ፣ ሥራ እየሠራሁ ጉባኤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ይቻላል። ግን የተሳሳትኩበትን ልንገርሽ።

ያሳሳተኝ ግእዙ አልነበረም፤ የማውቀው አማርኛ ነው። «ባሕርይ» ሲል ጠባይ መሰለኝ። እኛ «ባሕርይው ጥሩ ነው» እንላለን አይደል? በነገረ ሃይማኖት ግን ባሕርይ ማለት የአንድ ነገር ምንነቱ ነው። «አካል» ሲል ገላ መሰለኝ። እነሱ ግን «እኔ» የሚለውን ማለታቸው ነው፤ ለዚህ ነው ሥላሴን በአካል ሦስት የምንለው። «ግብር» ደግሞ መንግሥት የሚሰበስበው መሰለኝ! የሥላሴ ግብር ግን መውለድ፣ መወለድ፣ መሥረፅ ነው። «ገንዘብ»ም እንደዚያው፤ «የሥጋን ገንዘብ ገንዘቡ አደረገ» ሲል የሥጋን ሁኔታ የራሱ አደረገ ማለት ነው። እነዚህን አራት ቃላት ሳላስተካክል አንድ ዓመት ሙሉ አንብቤያለሁ። ብዙ ተመልሼ ማንበብ ነበረብኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ግዢ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው ነው። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ እሳቸው ቀጠሉት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሰው የደከመበት መጽሐፍ ነው። ያልገባሽን ቃል ሁሉ እዚያ ፈልጊ፤ በደብተርም ጻፊው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ከፍቼ

የታሪክ መምህርት ስለሆንሽ የታሪኩን ጎን ልጨምርልሽ። ጭቅጭቁ የተነሣው በሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊኮች ጋር ከተደረገው ክርክር በኋላ ነው። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ኢየሱሳውያን ቢወጡም የጫሩት ጥያቄ እዚሁ ቀረ። ሦስት ልደት በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ዘንድ ሥር ሰደደ። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የአንኮበር ቤተ መንግሥትም ወደዚያው አዘነበለ። የአያትሽ ወሬ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ ባሉበት፣ ለተዋሕዶ ተፈረደ።

በእንግሊዝኛ የኢሰንበርግንና የክራፕፍን የጉዞ ማስታወሻ ፈልጊ፤ በ1843 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ክራፕፍ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ነበር፤ ከካህናቱም ጋር ተነጋግሯል። ግን የፕሮቴስታንት ሚስዮናዊ ነውና የሚፈርደው በራሱ ሚዛን ነው። የሰማውን ያዢ፣ ፍርዱን ተዪ። የዶናልድ ክረሚ በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍም ስለ ሚስዮኖቹና ስለ ዘመኑ ፖለቲካ ይረዳሻል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ የቅብዐቶችን እምነት ከብራና አውጥተው በ1990 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የሸንኮራ ሰው ነበሩ፣ የኛው አገር ልጅ።

እነዚህን ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የትምህርት እረፍት ላይ ብትሄጂ ይሻላል። ብራናዎቹን ማየት ከፈለግሽ በሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም በማይክሮፊልም የተነሡትን በኢንተርኔት ያሳያል። ተመዝግበሽ በነፃ ታያለሽ።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገበ ቃላቱን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የሰፈራችን መሪጌታም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሊያስነብቡኝ ፈቀዱ። የሸዋ ሮቢቷ እህቴ፣ አራቱን ቃላት ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኳቸው።

ትናንት ዕብራውያን 1፥9ን ካነበብኩ በኋላ ለአያቴ ደወልኩ። በአማርኛ ማንበብ ጀመርኩላቸው። ሳልጨርስ «በእንተዝ ቀብዐከ እግዚአብሔር አምላክከ» ብለው በግእዝ ተቀበሉኝ። ለካ ዳዊት ሲደግሙ በየሳምንቱ ያደርሱታል። «አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር» አሉኝ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ከፍቼ

እባክሽ ይህን ሳይውል ሳያድር ቅረጪው። አንኮበር ሄደሽ፣ በስልክሽም ቢሆን፣ የሰሙትን ሁሉ ከነዘመኑና ከነሰፈሩ ያውሩልሽ። የተጻፈው ሌላ ጊዜም ይገኛል።