«ሜድ ዘም ረን» ወይስ «ሜድ ዘም ቱ ረን»? አስታርቁን

ፋሲል_ግቢ_በር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ጥምቀት ሳይደርስ ለአዳዲስ ልጆች የሚሆን አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ስደርስ ከባልደረባዬ ጋር ተጨቃጨቅን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። እኔ «ዘ ቢስ ሜድ ዘም ረን» ብዬ ጻፍኩ። እሱ «ቱ ጎድሎታል» አለኝ። «ፎርስድ ዘም ቱ ረን ካልን፣ ሜድ ላይ ሲደርስ ቱ የት ገባች?» ነው ክርክሩ። ጆሮዬ እኔ ልክ ነኝ ይለኛል፤ ጆሮ ደግሞ ለሱ ማስረጃ አይሆነውም።

ይባስ ብሎ ሁለት ነገር አመጣብኝ። አንደኛ፣ «ዘይ ወር ሜድ ቱ ረን» ልክ ነው አለ፤ እሱን እኔም አልክድም። ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝኛ መዝሙረ ዳዊት «ሂ ሜኬዝ ሚ ቱ ላይ ዳውን» የሚለውን አሳየኝ። ዳዊት ከመጣ በኋላ ምን ይባላል? እስኪ የምታውቁ አስረዱን።

ጡረተኛ_መምህር፦
ልጄ፣ ያንተው ልክ ነው። ባልደረባህም ግን ከሜዳ አልተነሳም።

ከኋላቸው ተሳቢ አስከትለው ቀጣዩን ግሥ ያለ ቱ የሚቀበሉት ጥቂት ናቸው። ሜክ፣ ሌት፣ ሃቭ አሉ። የማየትና የመስማት ግሦች አሉ፤ ሲ፣ ሂር፣ ዋች፣ ፊል። ሄልፕ እንደ ፈለገ ነው፤ «ሄልፕ ሚ ካሪ»ም «ሄልፕ ሚ ቱ ካሪ»ም ያስኬዳል። ዎንት፣ አስክ፣ ቴል፣ አላው፣ ፎርስና መሰሎቻቸው ግን ቱ ይፈልጋሉ። በትርጉም ለመለየት አትድከም። ሌትና አላው ሁለቱም መፍቀድ ናቸው፤ አንዱ ቱ አይወድም፣ ሌላው ያለ ቱ አይንቀሳቀስም።

ነገሩ የዕድሜ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለው ግሥ መጨረሻው ላይ የራሱ ምልክት ስለነበረው ቱ የግድ አልነበረችም። ምልክቱ ከጊዜ ብዛት ሲረግፍ ቱ ተስፋፋች። ሰው አፍ ላይ ሲመላለሱ የሚውሉት ጥቂቶቹ ግን በአሮጌው መንገድ ቀሩ። ሜክ ለረጅም ዘመን በሁለቱም ሲሄድ ኖሯል። ባልደረባህ ያመጣው ጥቅስ በ1611 እ.ኤ.አ. ከታተመው ከኪንግ ጀምስ ትርጉም ነው። ዛሬ እንደዚያ ብለህ ብታስጎበኝ እንግዳው ቅዳሴ ላይ ያለ ይመስለዋል።

«ዘይ ወር ሜድ ቱ ረን» ተገብሮ ነው። በተገብሮ ቱ ትመለሳለች፤ ሲና ሂርም እንደዚያው፣ «ሂ ወዝ ሲን ቱ ሊቭ»። ሌት ግን በተገብሮ እምብዛም አይባልም። ስለዚህ «ዊ ወር ሌት ኢንተር» አትበል፤ «ዊ ወር አላውድ ቱ ኢንተር» በል።

ክፍል ውስጥ ብዙ ያስቸገረኝ ሌላ ነበር። ተማሪው «ሜድ ሂ ዌንት» ይላል። መሃሉ ላይ የሚገባው ሂም ነው፣ ሂ አይደለም። ሁለተኛው ግሥ ደግሞ ጊዜ አይቆጥርም፤ ትናንትም ይሁን ነገ «ጎ» ነው። እኛ «አስሮጧቸው» ብለን አስሯጩንም ሯጩንም በአንድ ግሥ ስለምንጠቀልል፣ እንግሊዝኛው ተበታትኖ ሲመጣ ልጆቹ ሁለቱንም ግሥ ሊያረቡት ይፈልጋሉ። «ሜድ ዘም ረን»ን እንደ አንድ ቃል በአንድ ትንፋሽ አስብላቸው። ዝርዝር ከማስሸምደድ ይሻላል።

የአዘዞዋ፦
የኔታ ሁሉንም ብለውታል፤ እኔ የሆቴሉን ልጨምር። እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ፎጣ ሲጠየቁ «አይል ሜክ ዘም ብሪንግ ኢት» የሚሉ ልጆች አሉ። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም፤ ግን እንግዳው ሠራተኛዋን በግድ የምታስመጣት ነው የሚመስለው። «አይል ሃቭ ዘም ብሪንግ ኢት» በሉ፤ ሥራቸው ስለሆነ ያመጡታል ማለት ነው። ለምኖ ወይም አግባብቶ ማስደረግ ሲሆን ጌት ይመጣል፤ እሷ ደግሞ ቱ ትፈልጋለች፣ «አይ ጋት ሂም ቱ ዌይት»። ሹፌሮቻችን ላይ በየቀኑ የምጠቀመው ይሄን ነው 😄

ፋሲል_ግቢ_በር፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ አንቺም እህቴ። ካነሳችሁት አይቀር አንድ ልጨምር። ጥምቀት ላይ ጸበሉ ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘለው ይገባሉ። እንግዶች ሲያወሩ አንዴ «አይ ሶው ሂም ጃምፕ»፣ አንዴ «አይ ሶው ሂም ጃምፒንግ» ይላሉ። የቱን ላስተምር?

ጡረተኛ_መምህር፦
ሁለቱንም። ልጁ ከግንቡ ተነስቶ ውሃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሙሉውን ካየኸው «ጃምፕ»። ዞር ስትል በመዝለል ላይ ሳለ ከደረስክበት «ጃምፒንግ»፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ላታይ ትችላለህ። ለአንድ ዝላይ «ጃምፕ» ይሻላል፤ በላይ በላዩ ሲዘሉ እያየህ ከቆየህ «ጃምፒንግ» ያምራል።

ቀበሌ_ሰባት፦
ኧረ እናንተ፣ «ሌትስ ጎ»ስ? እሱም ከሌት ወገን ነው?

የአዘዞዋ፦
አዎ፤ «ሌት አስ ጎ» ተጨፍልቆ ነው። አስ ተሳቢዋ ናት፣ ጎ ያለ ቱ። አስጎብኚዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲሉት ውለው ማታ ስለ ቱ ይጣላሉ።

ሥላሴ_ደጅ፦
«ቱ ጎድሎታል» ያልኩት ባልደረባ እኔ ነኝ። ቱ ትውጣ፣ ተስማምቻለሁ። ግን ጽሑፉን ሙሉውን ስላላያችሁት ነው እንጂ ሌላም ችግር አለበት። ከዚያ በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር የሚያወራው ጣሪያው ላይ ስለተሳሉት መላእክት ነው። ቀጥሎ «ዘ ቢስ ሜድ ዘም ረን» ሲመጣ ንቦቹ ያባረሩት መላእክቱን ነው የሚመስለው። «ዘም» ወጥታ «ዘ ሶልጀርስ» ካልገባች አልፈርምም።