በ«ኦቴሎ» ላይ የጻፍኩት ድርሰት ታሪክ መተረክ ብቻ ሆነብኝ፤ እንዴት ላስተካክለው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከወላጆቼ ጋር ለንደን የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሼክስፒርን «ኦቴሎ» አንብበን፣ ኦቴሎ ለሚስቱ ለዴዝዴሞና የሰጣትና ከእጇ የጠፋው መሐረብ በተውኔቱ ውስጥ ስላለው ሚና 800 ቃላት ያህል እንድንጽፍ ታዘናል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳስረክብ መምህሬ ከግርጌው «ታሪኩን ነገርሽኝ እንጂ አልተከራከርሽም» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ደግሜ ሳነበው እውነትም የዴዝዴሞና አገልጋይ ኤሚሊያ መሐረቡን አንሥታ ለባሏ ለኢያጎ እንደሰጠችው፣ ኢያጎ የኦቴሎ ምክትል በሆነው በካሲዮ ማደሪያ ውስጥ እንደጣለው፣ ኦቴሎም ሚስቴ ከካሲዮ ጋር ማግጣለች ብሎ በቅናት ታውሮ ሚስቱን እንደገደለ በቅደም ተከተል ከመዘርዘር በቀር ምንም አላልኩም። በተጨማሪም አባቴ ዘንድ የሎሬት ፀጋዬ ገብረመድህን የአማርኛ ትርጉም ስላለ፣ ከእርሱ መጥቀስ እችል እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ መምህርሽ ያሉት ትክክል ነው፤ ተውኔቱን እርሳቸውም አንብበውታልና መተረኩ አይጠቅምሽም። ከሁሉ በፊት አንድ ትዕይንት ምረጪና እዚያው ቆዪ። እኔ ብሆን ሦስተኛውን ገቢር፣ አራተኛውን ትዕይንት እመርጥ ነበር። ዴዝዴሞና «ያን መሐረብ የት ጥዬው ይሆን፣ ኤሚሊያ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት በገዛ እጇ ለባሏ ያስረከበችው ኤሚሊያ «አላውቅም፣ እመቤቴ» ትላታለች። ወዲያው ኦቴሎ ገብቶ መሐረቡን አምጪ እያለ ሲያፋጥጣት ኤሚሊያ እዚያው ቆማ ትሰማለች፤ አንዲት ቃል ብትተነፍስ የኢያጎ ሴራ በዚያው ይፈርስ ነበር። ለምን ዝም አለች? ባሏን መፍራት ነው፣ የአገልጋይነት ልማድ ነው ወይስ ነገሩን ማቃለል? የአንቺ ክርክር የሚወለደው ለዚህ ከምትሰጪው መልስ ነው።

የቴአትር ተማሪ፦ እህቴ፣ መምህሩ ካሉት ጋር የሚሄድ አንድ ነጥብ ልጨምር። በዚያው ትዕይንት ኦቴሎ መሐረቡን ለእናቱ የሰጠቻት አንዲት ግብፃዊት አስማተኛ እንደሆነች፣ በድርና ማጉም አስማት እንዳለበት ይናገራል። በአምስተኛው ገቢር ግን፣ ዴዝዴሞናን ከገደለ በኋላ፣ አባቱ ለእናቱ የሰጣት ስጦታ ነበር ይላል። ብዙ ተማሪ ይህን ልዩነት ሳያየው ያልፋል። ኦቴሎ ሚስቱን ለማስፈራራት ታሪኩን አግንኖት ነበር ልትይ ትችያለሽ፤ ወይም በመጨረሻ ሰዓት ነገሩን ለሌሎች ሲያስረዳ አስማቱን ለመጥቀስ አፍሮ ይሆናል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ጥቅሶቹን ግን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው።

ሌላ አባል፦ ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ጣሊያናዊው ቺንቲዮ በ1565 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚያ ታሪክ መሐረቡን የሚሰርቀው በኢያጎ ቦታ ያለው ተንኮለኛው መኮንን ራሱ ነው፤ ዴዝዴሞና የእርሱን ትንሽ ልጅ አቅፋ ሳለች ከወገቧ ላይ ይወስድባታል። ሼክስፒር ግን መሐረቡ መሬት እንዲወድቅና የምታነሣው ኤሚሊያ እንድትሆን አደረገ። ስለዚህ የኤሚሊያ ዝምታ ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑን ለማሳየት ይጠቅምሻል።

ጡረተኛ መምህር፦ መልካም ነጥብ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይለፍ። የታሪክ ዳራ ሲበዛ ድርሰቱን ይውጠዋል። የፀጋዬን ትርጉም በተመለከተ፣ ከአባትሽ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የንግግሩ ስሜት ቶሎ ይገባሻል። የምትጠቅሺው ግን ከታዘዘልሽ የእንግሊዝኛ ቅጂ ይሁን፤ የቃላት ምርጫን የምትተነትኚ ከሆነ ቃሉ የሼክስፒር ራሱ መሆን አለበትና።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መግቢያዬን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «መሐረቡን ገዳይ ያደረገው አስማቱ አይደለም፤ ሴራውን የምታውቀው ኤሚሊያ እስከ አምስተኛው ገቢር ዝም ማለቷ ነው።»

ጡረተኛ መምህር፦ አሁን ተከራከርሽ። «ሴራውን የምታውቀው» የሚለውን ግን አርሚው። ኤሚሊያ የምታውቀው መሐረቡ ማን እጅ እንደገባ ብቻ ነው፤ ኢያጎ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሰማይ እንጂ እርሷ እንደማታውቅ ባነሣችበት ቅጽበት ራሷ ትናገራለች። ያንን መስመር ፈልገሽ ሁለተኛው አንቀጽሽ ላይ አስገቢው።