55 ኢንች ቲቪ ብሎኬት ግድግዳ ላይ እንዴት ልስቀል?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግድግዳው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ሆኖ ከላይ ተለስኗል። 55 ኢንች ቲቪ ለመስቀል የግድግዳ ስታንድ ገዝቼ ስበሳ፣ ድሪሉ ልስኑንና ስስ የሆነውን የብሎኬት ገጽ አልፎ ክፍተቱ ውስጥ ገባ። አሁን ፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቡሎኑን የሚይዘው መሰኪያ) ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል፣ አይጠብቅም። በተለይ ክብደቱን የሚይዙት የላይኞቹ ቀዳዳዎች አስጨንቀውኛል፤ ከስሩ ትንሿ ልጄ ትጫወታለች።

አንድ ባለሙያ ጂፕሰም ሙላበት አለኝ፤ እኔ ግን የሚፈረካከስ ይመስለኛል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞልቼ፣ በደንብ ከጠነከረ በኋላ እንደገና ልብሳው? ወይስ ግድግዳውን አሳልፎ ከጀርባ በብረት ሳህን የሚታሰር ረጅም ቡሎን ይሻላል? ጀርባው የራሳችን መኝታ ቤት ስለሆነ ቢታይም ግድ የለኝም። ኮለኑ (ምሰሶው) ላይ እንዳልሰቅለው ከሶፋው ፊት ለፊት አይደለም።

ብሎኬት ላይ ሰቅላችሁ የቆየላችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን የፊሸር ዓይነትና ቁጥር እባካችሁ ንገሩኝ።