ኢንሱሊን የሚያመነጩ የቆሽት ሴሎችን መተካት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ዓይነት 1 ስኳር ከያዘው ሁለት ዓመት ሆነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ጣቱን ስወጋው አይነቃም፤ በእንቅልፉ ጣቱን ራሱ ይዘረጋልኛል። ትናንት ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሴሎችን መተካት ተቻለ የሚል አነበብኩ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦
እውነት ነው፣ ግን ጣጣ አለው። ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል) በላቦራቶሪ የተሠሩ ኢንሱሊን አመንጪ ሴሎች ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ይሰጣሉ። አዎ፣ ጉበት! እኔም መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ጥናት ሙሉ መጠኑን ከወሰዱ 12 ሰዎች 10ሩ ከዓመት በኋላ ኢንሱሊን አይወጉም። ሁሉም ግን አዋቂዎች ናቸው።

ሌላ መልስ፦
ጣጣውን እኔ ልንገርሽ። የልጅሽን ሴሎች ያጠፋው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ነው፤ አዲሶቹንም አይምርም። ስለዚህ መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ መዋጥ ግድ ነው። እኔ ለተተከለልኝ ኩላሊት እውጠዋለሁ። ተራ ጉንፋን ሳምንት አልጋ ላይ ይጥለኛል። ለልጅ ከዚያ መርፌው ይሻላል ባይ ነኝ።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ይህንን ማንም አልነገረኝም ነበር። 9 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ልነሳ።