የፈረሱ ፕሮፖዛል፤ ረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡበት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ትናንት ማታ ደርሷችኋል። ባጭሩ፣ ሱሉልታ ባለው ግቢያችን፣ ባሉን አራት ፈረሶች፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች የ12 ቅዳሜ የግልቢያ ሥልጠና ነው። በራስ መተማመን፣ ትዕግሥት፣ ኃላፊነት። ዓርብ ለወረዳው ስለሚገባ እስከ ሐሙስ የምትሉትን በሉ።

ጋሼ (የቀድሞ ባለጋሪ)፦ ልጄ፣ አጻጻፍህ ያምራል። ግን «ግልቢያ» የሚለውን ስድስት ቦታ ቆጠርኩ፤ ጋማ ማበጠር፣ ሰኮና መጥረግ፣ ፋንድያ መዛቅ የሚል አንድም የለም። ዳማው ዕድሜውን ጋሪ ሲጎትት የኖረ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ቁስል ገና ስለሆነ ኮርቻ አይችልም። የባዝራዋንስ ሆድ አይታችኋል? ኅዳር ላይ ትወልዳለች። ስለዚህ የሚጋለቡት ሁለት ናቸው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱም ቢሆኑ ሁሉንም ልጅ አይሸከሙም። የእኛ አገር ፈረስ 250 ኪሎ ገደማ ቢመዝን፣ የሚመከረው ጭነት አንድ አምስተኛው ነው፤ ኮርቻውን ጨምሮ 50 ኪሎ። የ17 ዓመት ልጅ ስንት እንደሚመዝን ቤታችሁ ያለውን አስቡ።

ጸሐፊ፦ ልጆቹ የሚመጡት ለመጋለብ ነው። ገመድ ይዛችሁ ቁሙ ብንላቸው በሁለተኛው ቅዳሜ ማን ይመጣል? እንግዲህ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፤ አንቀጹን ራሳችሁ ጻፉት!

አማካሪዋ፦ እሺ፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግን ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ ከመጡት ልጆች አንዱን አስታውሱ፤ ክፍል ውስጥ ሰው የማያስጠጋውን። አምባላዩን ፊት ለፊት አፍጥጦበት ገመዱን ይጎትታል። ፈረሱ አራት እግሩን ተክሎ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ቆመ። ጋሼ «ትከሻህን አዙርና ወደምትሄድበት እያየህ ሂድ» አሉት፤ ሌላ ምንም አላሉም። ልጁ ዞረ፣ ገመዱ ላላ። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ዘወር ሲል የፈረሱ አፍንጫ ክርኑ ሥር ነበር። «ቤትስ ስትጎትት እግሩን የሚተክልብህ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለኝ። ፈረሱን ውኃ አጠጥቶ ከመለሰ በኋላ ነው «ታናሽ ወንድሜ» ያለኝ። (ይህን ፕሮፖዛሉ ውስጥ እንዳታስገቡ፤ የልጁ ጉዳይ ነው።)

በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው፣ በፈረስ የሚታገዝ የሥነ ልቦና ሕክምና ማኅበር የሆነው ኢጋላ (EAGALA) የሚከተለው መንገድም ይኸው ነው፦ ግልቢያ የለም፣ ሥራው ሁሉ መሬት ላይ ነው፤ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያና አንድ ፈረስ አዋቂ አብረው ይቆማሉ። እኛ ግን «ሕክምና» የሚለውን ቃል አንንካው። «የሕይወት ክህሎት» ይበቃናል።

ጋሼ፦ ፈረስ ታዳኝ እንስሳ ነው፤ ሥራው መሸሽ ነው። ዓይኑ በግራና በቀኝ ስለሆነ ከግንባሩ ፊት ያለችውን ጠባብ ቦታና ከጭራው ኋላ ያለውን አያይም። በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ መቅረብ የመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት ይሁን። ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደ ልጅ ጋጣ አይግባ፤ ፋንድያ ባለበት አፈር ቀልድ የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ በጀቱ ላይ መኖ «እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሏል። ይህ አያስኬድም። አንድ ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ድርቆሽ ብንል ለአራቱ በዓመት 73 ኩንታል ነው፣ ፉርሽካው ሳይቆጠር። ኅዳር ላይ ሣሩ ሲታጨድ ካልገዛን ግንቦት ላይ ዋጋው አይቀመስም።

ጸሐፊ፦ ተሸነፍኩ። ርዕሱን «ከፈረስ ጋር መሥራት» አልኩት። አንድ ነገር ግን አትንፈጉኝ፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እንደተባሉት እያንዳንዱ ልጅ በመጨረሻው ቅዳሜ የፈረስ ስም ይውጣለት።

ጋሼ፦ ይውጣለት። ሰኮና ጠርጎ፣ ጋጣ አጽድቶ ለጨረሰ ግን።

ሰብሳቢዋ፦ ተስማምተናል። ክረምት ሜዳው ውኃ ስለሚተኛበት ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይሁን። የመኖውን ሠንጠረዥ ገንዘብ ያዥ፣ የክትባቱንና የወላጅ ፈቃዱን ቅጽ አማካሪዋ እስከ ሐሙስ ጠዋት ላኩ። ስለ ዳማው ቁስል ደግሞ፣ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ሰው የሚያውቅ ካለ ያማክርልን።

ጸሐፊ፦ ባዝራዋ ስትወልድ ልጆቹ እንዲያዩ መርሐ ግብሩ ላይ ላስገባው?

ጋሼ፦ ባዝራ የምትወልደው ሌሊት ነው፣ አንተ ልጅ። ቅዳሜን ጠብቃ አትወልድልህም።