«የከርሞ ሰው ይበለን» ሲባል ምን ማለት ነው?

የለገጣፎዋ፦
እንኳን አደረሳችሁ፣ ቃል ወዳዶች። አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኝ እናንተ ዘንድ ይዤው መጣሁ።

ጳጉሜ 5 ማታ ነው። በተከራየሁበት ግቢ ችቦ አብርተን ነበር። ክረምቱ ገና ጠቅልሎ አልወጣም። ግቢው ጭቃ፣ ችቦው እርጥብ፣ ከእሳቱ ጭሱ ይበዛል። አከራያችን እማማ (ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው) ነጠላቸውን አጣፍተው እሳቱን ትንሽ አዩና «ተመስገን! የከርሞ ሰው ይበለን» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ግን አሜን አላለም። «እማማ፣ አሁን ሰው አይደለንም እንዴ?» አለ።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ዕድሜዬን ሙሉ አሜን ስል የኖርኩት ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው። «ከርሞ» ከየት መጣ? «ሰው ይበለን»ስ ምንድነው?

ጡረተኛው መምህር፦
እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ። እኔ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ በዓመት አንድ ካገኘሁ ጥሩ ነበር።

«ከርሞ» ከ«ከረመ» ነው የመጣው። አማርኛ የጊዜ ማሳለፍ ግሶቹን እንደ መሰላል ደርድሯቸዋል። ቀኑን ያሳለፈ ዋለ። ሌሊቱን ያሳለፈ አደረ። ከዚያ በላይ የቆየ ሰነበተ፤ ውስጡ ሰንበት አለች። ክረምቱን ያህል የቆየ ደግሞ ከረመ። ሰላምታችንም በዚሁ መሰላል ላይ ይወጣል፦ እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ እንዴት ከረምሽ። እና «ከርሞ» ዛሬ «የሚመጣው ዓመት» ማለት ቢሆንም፣ ቃሉ በቅርጹ «ክረምቱን አሳልፎ» ይላል። ለገበሬ ይሄ ተራ ነገር አይደለም። ጎተራ የሚራቆተው በክረምት ነው። ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚቆርጠውም በክረምት ነው። ክረምቱን ያለፈ ዓመቱን አለፈ።

«ሰው ይበለን» ማለት ደግሞ «በሰው ቁጥር ያቆየን» ነው። የታመመ ሰው «ዛሬ ሰው አይደለሁም» ሲል ሰምታችኋል። ልጁ ስለዚህ ግማሽ እውነት አለው፤ አሁን ሰው ነን። እማማ የለመኑት ለከርሞም እንዲሁ እንድንባል ነው።

የቡራዩው፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄኛው አልተዋጠልኝም። እኛ ቤት «ሰው ሆነ» ማለት ተሳካለት፣ ራሱን ቻለ ማለት ነው። እናቴ «ልጆቼ ሰው ሆኑልኝ» ስትል በሕይወት አሉልኝ ማለቷ አይደለም። ሥራ ያዙ፣ ጎጆ ወጡ ማለቷ ነው። እኔ «የከርሞ ሰው ይበለን» ሲባል ሁሌ «ለከርሞ የተሻልን ያድርገን» እያልኩ ነው አሜን የምለው።

ጡረተኛው መምህር፦
«ሰው ሆነ» ሌላ፣ «ሰው ይበለን» ሌላ። በመጀመሪያው የሚሆነው ሰውየው ነው። በሁለተኛው የሚለው እሱ ነው። ግን አሜንህን አልከለክልህም። ሁለቱንም ቢሰጥህ ምን ገዶኝ!

ባለ ባጃጁ፦
«እሱ» ካላችሁ አይቀር የኔንም ስሙኝ። በበዓሉ ጠዋት ከጣፎ አደባባይ ሁለት እናቶች ጭኜ በር ላይ አወረድኳቸው። ሲወርዱ ለበረኛው «እንኳን አደረሳችሁ» አሉት። እኔም ቀልደኛ ነኝ፣ «እማዬ፣ ያደረስኳችሁ እኔ፣ ምስጋናው ለሱ!» አልኩ። ሳቁና አንዷ አምሳ ብር ጨመረችልኝ።

ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ የምር ነው። «አደረሳችሁ» ሲባል ማን ነው ያደረሰው? ስሙ የለም።

የሰበታዋ፦
አማርኛ እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው። «አደረሳችሁ» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። «ዕቃውን አደረሳችሁ?» ስል አድራሾቹ እናንተ ናችሁ። «እንኳን አደረሳችሁ» ስል እናንተ የተደረሳችሁ ናችሁ፣ አድራሹ ሌላ ነው። ፊደሉም ድምፁም አንድ ነው። የሚለየው ለአንድ ሰው ስትናገሩ ነው፤ «አደረስክ» እና «አደረሰህ» ይሆናል። እዚያ «አደረሰህ» ላይ «እሱ» ብቅ ይላል። ስሙ ሳይጠራ።

እንደዚህ ስንት አለ መሰላችሁ። ይማርህ፣ ያኑርሽ፣ ያጽናችሁ፣ ያዝልቀው፣ ይስጥልኝ። ባለቤቱ በሁሉም አንድ ነው፣ በአንዱም አይጠራም። እኔ ቤት ውስጥ እንዳለ አባት ነው የሚመስለኝ። «መጣ?» ሲባል ማን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሱሉልታዋ፦
በኦሮምኛ ደግሞ «ባጋ ነጋን ጌሰን» እንላለን። «እንኳን በሰላም ደረሳችሁ» እንደማለት ነው። ደራሾቹ እናንተው ናችሁ። ሰፈራችን ሁለቱንም ይናገራልና በበዓል ቀን አንዱ ጎረቤት ሲያደርስሽ፣ ሌላው በእግርሽ ትደርሻለሽ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

ለነገሩ የ«ለገጣፎ» እና የ«ለገዳዲ» «ለገ» የኦሮምኛው «ላጋ» ነው፤ ወንዝ ማለት። «ከዘመን ዘመን አሸጋገረን» የሚለው ለወንዝ ዳር ሰው ባዳ አይሆንም። መሻገር መጀመሪያ የወንዝ ቃል ነው። እዚህ እኛ ጋ አሁንም ነሐሴ ላይ ጅረቱ ሲሞላ አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ላይ ቆሞ የአሮጊቶችን እጅ እየያዘ ያሻግራል። ጫማቸውን ደግሞ በሌላ እጁ። አሸጋገረ ማለት እሱ ነው።

የለገጣፎዋ፦
የሱሉልታዋ፣ ጫማውን መያዙን ወደድኩት።

እንግዲህ ሁሉንም ልንገራችሁ፤ ጥያቄዬ ከቃሉ ብቻ አይደለም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከምሠራበት ቦታ ደብዳቤ ደረሰኝ። ውሌ አይታደስም። ደብዳቤው ላይ «ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.» ይላል። ነሐሴ ላይ ደግሞ አንድ የድሮ ባልደረባ ደወለች፣ ቢሾፍቱ ሥራ አለ አለችኝ። ደመወዙ ያንሳል፣ ቤት መልቀቅ አለብኝ፣ ሥራው ግን የምወደው ነው። እምቢም እሺም ሳልል ዋዜማው መጣ።

የዚያን ቀን ጠዋት እማማ የበዓል እንጀራ እየጋገሩ ነበር። አክንባሏቸው ጠርዙ ተሸርፏል። እያዟዟሩ፣ እያዟዟሩ ምጣዱ ላይ ያስገጥሙታል። በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገጥመው። ፊቴን አዩና እጃቸውን ሳያነሱ «ምን ገጠመሽ?» አሉኝ።

የቱን ልመልስ? ሥራ ማጣትም ገጠመኝ፣ ሥራ ማግኘትም ገጠመኝ። ሁለቱንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» አሉኝ። አክንባሎው ገጠመ።

ባለ ባጃጁ፦
ይሄን ተረት እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ ማስፈራሪያ ነበር የሚመስለኝ። ጉሮሮ ሲዘጋ ማነቅ ነዋ! አያቴ ስትለው ራት ሳልበላ እተኛ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
ራትህን አጣህ፣ ተረቱ ግን ስለ ራት ነበር። ጉሮሮን ፈጥሮ የከፈተ፣ እህል ሳያቀምሰው አያሳድረውም ነው። «መዝጋት» እዚህ መመገብ ነው።

አሁን ወደ «ገጠመ»። ጥሩ ቦታ ነው የቆምሽው፣ ልጄ። ክዳን ከድስቱ ይገጥማል። ሁለት ቡድን ይጋጠማል። ቃል ከቃል ሲገጥም ግጥም ይሆናል። ሰው ላይ የደረሰ ነገር «ገጠመኝ» ይባላል፣ ስምም ሆኗል። እና ለመልካሙ «አጋጣሚ» የምንለው፣ ለክፉው «ችግር አጋጠመኝ» የምንለው፣ ከአንድ ግስ ነው። ግሱ ራሱ ክፉና ደግ አይለይም። መግጠሙን ብቻ ነው የሚናገረው።

«ዕድል»ም እንዲሁ ነው። ሥሩ ማደል ነው፣ ማከፋፈል። ቀበሌ ዘይት ሲመጣ «ዘይት ታደለ» እንላለን። ጎረቤታችን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሳት «ታደለች» እንላለን። ያው ግስ ነው። የታደለ ሰው የደረሰው ሰው ነው፤ ያዳዩ እጅ ግን አይታይም። ከ«መከራ» ጋር ደግሞ «ሙከራ»ን አስተያዩ። በግዕዝ «አመከረ» ማለት ፈተነ ማለት ነው፤ ሁለቱም ከዚያ ወገን ናቸው። «ፈተና»ም የትምህርት ቤትም ነው፣ የሕይወትም ነው።

የገላኑ፦
መምህር፣ ትርጉሙ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልበል። ሥራውን ላጣ ሰው «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚል ሰው ያናድደኛል። ወንድሜ የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ አንዱ እንዲያ አለኝ። እስካሁን አልረሳሁለትም። ጉሮሮውም ቢሆን ሳይዘጋ ያደረ ሰው እኔ አውቃለሁ።

የሰበታዋ፦
ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ። እውነትህን ነው። «ለበጎ ነው» ባለቤቱ ሲለው እምነት ነው። ሌላው ሲለው ዱላ ነው። ድንኳን ውስጥ የሚባለው «ያጽናህ» ነው። እሱ ምክንያት አይሰጥም፣ ይለምናል እንጂ።

ስለ ጉሮሮው ግን፣ እማማ እንደ ዜና የተናገሩት አይመስለኝም። ያን ቀን እንጀራ እየጋገሩ ነው የተናገሩት። ልጅቷ ሳትበላ የወጣች አይመስለኝም።

የለገጣፎዋ፦
ሳልበላ? ሦስት እንጀራ በፌስታል አስይዘውኝ ነው የወጣሁት።

የቡራዩው፦
ደብዳቤሽ ላይ ያለውን ግን አስተውለሻል? «ዓ.ም.»። ሲዘረዘር «ዓመተ ምሕረት» ነው። የምሕረት ዓመት። የስንብቱም፣ የኪራይ ውሉም፣ የባንክ ዕዳውም ላይ አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፈው ኖሬ ምሕረት የሚል ቃል እየጻፍኩ መሆኔን ያስተዋልኩት ዛሬ ነው። ደንግጫለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
አሁን አንተ ነህ መምህሩ።

የሰበታዋ፦
እኔ የምጨምረው «ታመነ»ን ነው። መጽሐፉ ምሳሌ 3፥5 ላይ «በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን፥ በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» ይላል። «እመን» አላለም፣ «ታመን» ነው ያለው። ማመን አለ ብሎ መቀበል ነው። መታመን ክብደትን መጣል ነው፣ ጥቅሱ ራሱ ቀጥሎ «መደገፍ»ን ያመጣል። ደስ የሚለኝ ደግሞ «ይታመናል» ስንል የምናመሰግነው ሌላውን ሰው መሆኑ ነው። «ዘበኛችን ይታመናል» ማለት እኛ እንደገፍበታለን፣ አይከዳንም ማለት ነው። የሚደገፈውም ታመነ፣ የሚያስደግፈውም ታመነ። አማርኛ ለሁለቱ አንድ ግስ ሰጥቶ ተገላገለ።

ባለ ባጃጁ፦
እኔ መስታወቴ ላይ «እግዚአብሔር ካለ ሁሉም አለ» ብዬ ለጥፌያለሁ። አንድ ተሳፋሪ «የመጀመሪያው ሲላላ ነው ሲጠብቅ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልገባኝም፣ ሂሳብ ተቀብዬ ሸኘሁት።

ጡረተኛው መምህር፦
ያ ተሳፋሪ ከኛ አንዱ ሳይሆን አይቀርም! «ካለ» ሲጠብቅ «ከኖረ» ነው፤ መኪናህ ላይ የጻፍከው እሱ ነው። ሲላላ ግን «ከተናገረ፣ ከፈቀደ» ነው። «ነገ እመጣለሁ፣ እግዜር ካለ» ስንል የምናላላው ለዚህ ነው። የምንጠራጠረው ቀኑን ነው እንጂ መኖሩን አይደለም። የዘወትር ጽሕፈታችን ማጥበቂያና ማላያ ምልክት ስለማያደርግ ሁለቱ ወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ። ስንናገር ግን የሚሳሳት ሕፃን እንኳ የለም።

የገላኑ፦
እህቴ፣ ለልጁ ምን ብላችሁ መለሳችሁለት? ሥራውንስ?

የለገጣፎዋ፦
ለልጁ ዛሬ ጠዋት የመምህርን ነገርኩት። ሰው ነን፣ ለከርሞም ሰው እንዲለን ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «እና ከርሞ ስንት ቀን ቀረው?» አለኝ። ዘመነ ማርቆስ ነው፣ ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፣ ብዬ ቁጭ ብለን ቆጠርን። አድካሚ ሆነበትና ወደ ጭቃው ሄደ።

ሥራውን እሺ ብያለሁ። እማማ ትንሽ ከፋቸው፣ ግን አሮጌውን አክንባሎ ልስጥሽ እያሉ ነው። ምጣድ የለኝም ብል አይሰሙኝም። ሰኞ እገባለሁ፣ እግዜር ካለ። «ለ»ዋን አላልታችሁ አንብቡልኝ።